በዓሉን ለልጆቻችን



እንቁጣጣሽ ደርሷል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ኡምራኩባ እንደገና ሲከፈት የተወለደ ልጅ ዛሬ ለትምህርት ደርሷል፤ አደይ አበባን ግን በስም ብቻ ነው የሚያውቃት። በግ መግዛት ባንችል ወረቀትና እርሳስ አናጣም፤ አደይዋን ሥለን እናሳየው። ቢጫ ቀለም ከጠፋ እርድ በውኃ በጥብጡ። ሴቶች ልጆች «አበባየሆሽ» እያሉ ሲመጡ፣ ሳንቲም ባይኖረን እንኳ መርቀን እንሸኛቸው፤ ዝም ብሎ በር መዝጋት ልጅን ያስከፋል።

አደራ የምላችሁ ስለ መስቀል ነው። ጎጆዎቻችን የሣር ናቸው። ደመራው ከቤት ርቆ ሜዳ ላይ ይደመር፤ ችቦውን ትልቅ ሰው ይያዝ፤ በባልዲ ውኃ አጠገቡ ይቀመጥ።

ለገና እንኳ ቆልማማ ዱላና ከጨርቅ የተጠቀለለ ሩር ይበቃል። አባቶች፣ እናንተም ሜዳ ገብታችሁ አጨዋወቱን አሳዩአቸው።