ጊዜያዊው ረዳት በጋላፊ ኬላ


የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1990 ዓ.ም. ፈንድቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ፣ ገቢው ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ጋላፊም ሥራ በዛበት። እንዲህ ባለ ኬላ ሰልፉ ሲረዝም የሚቀጠረው ጊዜያዊ ረዳት ቀረጥ አይተምንም፤ በዲክላራሲዮንም ላይ አይፈርምም። በአፋር ፀሐይ ከመኪና ወደ መኪና እየሄደ የሰሌዳውን፣ የኮንቴይነሩንና የፕሎምፑን ቁጥር ከሰነዱ ጋር ያመሳክራል። የትራንዚት ጭነት በአብዛኛው ሳይከፈት ስለሚያልፍ፣ ሹሙ የሚፈርመው ረዳቱ ያነበበውን አምኖ ነው። አንድ አኃዝ ቢዛነፍ መኪናው ሚሌ ላይ ይቆማል፤ ሾፌሩም ይጉላላል። የተነካ ፕሎምፕ ካመለጠው ግን (ይህ ነው የሚከፋው) ኮንትሮባንዱ ሕጋዊ ሰነድ ይዞ ያልፋል።

የተነካውን ፕሎምፕ በመንገድ ከተጫረው መለየት የሚለመደው በእጅ ነው። ረዳቱ በለመደ ማግሥት ውሉ ያበቃል። ተሰናባቹና ተተኪው ጥቂት ቀን አብረው ይሥሩ ሲባል የበጀት ክፍሉ «ደመወዝ ተደረበ» ይላል። ማኅበሩ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ድርብ ደመወዝ ነው።