ልጆቻችን ሲመክሩ

(አንድ መምህር በወላጆች ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ተማሪዎች ምክር ቤት ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ስለዚህ ብዙ ሰው፣ «ደግሞ ልጆች ምን ይመክራሉ?» ይላል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝን ነገር ልንገራችሁ።

ቀድሞ አስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት የተማሪዎች ምክር ቤት ነበረ። አባላቱን የመረጥነው ግን እኛ መምህራን ነን። ሥራቸውም ያረፈደና የረበሸ ተማሪ ስም መመዝገብ ሆነ። ልጆቹ «ጆሮ ጠቢ» አሏቸው። ችግሩን ደፍሮ የሚነግራቸው ጠፋ።

በዚያው ዓመት ከአምስተኛ ክፍል በላይ ያሉ ሴቶች ልጆች በእረፍት ሰዓት ወደ ቤት ሄደው አይመለሱም ነበር። እኛ ስንፍና ነው ብለን ቀጣናቸው። ሦስቱ ጨርሰው ትምህርት አቆሙ።

በሚቀጥለው ዓመት ምርጫውን ለተማሪዎቹ ተውነው። ከተመረጡት አንዷ በመጀመሪያው ስብሰባ ተነሥታ፣ «የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር የለውም» አለች። ለካ ነገሩ ይኸው ነበር! ወላጆች እንጨትና ቆርቆሮ አዋጡ። በሩ በሳምንት ተሠራ። ሴቶቹ ልጆችም እስከ መጨረሻው ደወል መዋል ጀመሩ። ያቆሙት ሦስቱ ግን አልተመለሱም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታዲያ ጥሩ ምክር ቤት እንዴት ይቋቋማል?

አንደኛ፣ ከየክፍሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይመረጡ። ድምፅ በምስጢር ይሰጥ። መጻፍ ያልቻሉ ሕፃናት ከመጋረጃ ኋላ ሆነው ለአንዱ ባቄላ፣ ለሌላው አተር ማሰሮ ውስጥ ይጨምሩ።

ሁለተኛ፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ ይኑር። በየ15 ቀኑ ይሰብሰቡ። የተወሰነው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ያልተጻፈ ነገር ይረሳል።

ሦስተኛ፣ መምህር ያማክር እንጂ አይዘዝ። ምክር ቤቱም ቀጪ ወይም ዘበኛ አይሁን።

አራተኛ፣ ርእሰ መምህሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ይስጥ። የማይቻል ከሆነም ምክንያቱን ይንገር። ተመራጮቹ መልሱን ለክፍላቸው ያድርሱ። መልስ ያጣ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

ይህ ችሮታ አይደለም፤ የልጆች መብት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ይህን በአንቀጽ 12 ጽፎታል። ልጆች በሚነካቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን ይናገሩ፤ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ብስለታቸውም ይደመጡ ይላል። አገራችን ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላዋለች።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ልጃችሁ ከተመረጠች፣ በስብሰባው ቀን ውኃ መቅዳቱንና ከብት መጠበቁን ሌላ ሰው ይሸፍንላት። ማታም፣ «ዛሬ ምን መከራችሁ?» ብላችሁ ጠይቋት።

ልጅ ያቦካው ለራት ላይበቃ ይችላል። ማቡካት የሚለመደው ግን እያቦኩ ነው።