የመጀመሪያ የእግር ጉዞ በማን ልክ ይታቀዳል?

(ለማኅበራችን የእግር ተጓዦች ቡድን የተደረገ ንግግር)



ዕቃችንን በጀርባችን አዝለን አገር እንይ የሚለው ማስታወቂያ ከተለጠፈ ወዲህ ስሙን ያስመዘገበው ተማሪ ብዙ ነው። አንዳንዱ ስሜንን፣ አንዳንዱ ባሌን፣ አንዳንዱም ርቆ ታይላንድንና ቬትናምን ያነሣል። ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን እስካሁን የተከራከርነው የት እንሂድ በሚለው ብቻ ነው፤ ማን እንደሚሄድና ምን እንደሚሸከም ገና አልተነጋገርንም።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። የመጀመሪያ ጉዞ በብርቱው ተጓዥ ልክ አይታቀድም፤ በደካማው ልክ ይታቀዳል። ደካማ ስል በጉልበት ብቻ አይደለም፤ በገንዘብም በቋንቋም ጭምር ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች አገራቸውን እንዲያውቁ የሚያስገድዳቸው ሥርዓት ነበረ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው ነበር፤ የሚበዛውም በመምህርነት ሠርቷል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። የወደደውም ያልወደደውም ሄዷል። ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚያዘን የለም። እኛው ካልተነሣን አገራችንን በአውቶቡስ መስኮትና በስልክ ላይ ሥዕል ብቻ አይተን እንመረቃለን።

ታዲያ ወዴት? የስሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ ራስ ደጀንም ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የሚያጓጓ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ወደዚያ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም መጠየቅ አለበት። የመጀመሪያ ጉዞውን በወሬና በድፍረት የሚጀምር ጓደኞቹን ጭምር አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ከደጃችን እንጀምር እላለሁ፤ ይኸውም ከየካና ከእንጦጦ።

እንጦጦን የሰነፍ ጉዞ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ ቁጥሩን ይመልከት። መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ አንድ ተጓዥ በግማሽ ቀን ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል ማለት ነው። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ብርዱም ቢሆን ከከተማው በሦስት ወይም በአራት ዲግሪ ይብሳል። ላቡ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ የተቀመጠ ሰው በማግሥቱ ከክፍል ይቀራል።

በዚህ ጉዳይ ዐፄ ምኒልክ እንኳ ተምረውበታል። በ1882 ዓ.ም. የነገሡት በእንጦጦ ማርያም ነው፤ ነገር ግን ብርዱና የማገዶው እጥረት አስቸግሮ ከተማው ወደ ታች፣ ወደ ፍል ውሃው ወረደ። እንጨቱ እንደገና ሲያልቅ አዲስ አበባን ከመሰደድ ያዳናት በ1880ዎቹ ዓመታት የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ንጉሥም ቢሆን ሰፈሩን የሚመርጠው ውሃና ማገዶ አይቶ ነው፤ እኛም ጉዞን የምናቅደው ከዚያው ተነሥተን መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሦስቱ ነጥቦች ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ጉልበት። ሸክም ከተሸካሚው ክብደት ከአምስት እጅ አንዱን ባያልፍ ይመረጣል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ 12 ኪሎ ይበቃዋል ማለት ነው። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ውሃ የግድ ስለሆነ፣ ለሌላው የሚተርፈው ከ10 ኪሎ አይበልጥም። ስንቁ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ይሁን፤ አባቶቻችን ረጅም መንገድ የሄዱበት ቀላልና የማይበላሽ ምግብ ነው። ጋቢ ሲደርቅ ያሞቃል፣ ሲርስ ግን ይከብዳል፤ ስለዚህ በላስቲክ ይጠቅለል። አዲስ ጫማ ለጉዞ ቀን አይገዛም፤ እግር የለመደው አሮጌ ጫማ ይሻላል።

ቡድኑ የሚሄደው በመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው። ደካማው ከፊት ይሁን፣ ብርቱው ከኋላ ይጠብቅ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏል። በቦርሳው የሚኮራ ካለ ደግሞ ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ይመልከት፤ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ አዝለው ነው የሚወርዱት። እነርሱ ጉዞ አይሉትም፣ የዕለት እንጀራ ይሉታል። በጠባብ መንገድ ስናገኛቸው ዳር ይዘን እናሳልፋቸው፤ ሳንጠይቃቸውም ፎቶግራፍ አናንሣቸው።

ሁለተኛ፤ ስለ ገንዘብ። እውነቱን እንነጋገር። ብር የለኝም ብሎ በሰው ፊት ከመናገር ፈተና አለብኝ ብሎ የሚቀር ተማሪ በመካከላችን አለ። ጉዞው በባለገንዘቡ ልክ ከታቀደ ይህ ልጅ ሁልጊዜ ፈተና ይኖርበታል። ስለዚህ ማንም ዕቃ እንዲገዛ አይጠየቅ። ድስት፣ ባትሪ፣ ድንኳንና የመጀመሪያ ርዳታ መድኃኒት የጋራ ይሁን። መዋጮውን ገንዘብ ያዡ ለብቻው ይቀበል፤ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ የሚል ዝርዝር አይለጠፍ። የየካና የእንጦጦ ጉዞ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ በእግር ተሂዶ በእግር ይመለሳሉ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቋንቋና አክብሮት። የእንጦጦ ጫፍ የውሃ መለያ ነው። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በሰሜን በኩል የወረደው በሱሉልታ በኩል ዞሮ ወደ ዓባይ ይገባል። ከውሃው ጋር የሰላምታው ቋንቋም ይለወጣል። ከጫፉ ወዲያ አርሶ አደሩ በኦሮምኛ ነው የሚያነጋግረን። አካም ጅርቱ ብሎ ሰላም ማለትን፣ ገለቶማ ብሎ ማመስገንን ሳይማር ማንም ከዚህ እንዳይነሣ። በመካከላችን ቋንቋውን የሚያውቁ ተማሪዎች ሞልተዋል፤ ለአንድ ቀን እነርሱ መምህራን፣ እኛ ተማሪዎች እንሁን።

እንደዚሁም በየካ ኮረብታ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። በትውፊት በአብርሃና አጽብሃ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል፤ ተመራማሪዎች ግን ከዚያ በኋላ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ ነው ይላሉ። የማንም እምነት ተከታይ ብንሆን ካህናቱን አስፈቅደን፣ ጫማችንን አውልቀን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንግባ።

ይህ ሁሉ ርቆ ለሚሄደውም ያገለግላል። ታይላንድ የሚደርስ ሰው ቪዛ፣ የዝናቡን ወራት፣ የሸክሙን ልክና የሰላምታውን ቃል አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። እነዚህን በየካ ያልተለማመደ በባንኮክ አይማራቸውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆንበት።

ስለዚህ የሚከተለውን ለስብሰባው አቀርባለሁ።

1. ክረምቱ ካለፈ በኋላ በአንድ ቅዳሜ የግማሽ ቀን ጉዞ ወደ ዋሻ ሚካኤል ይደረግ፤ የእያንዳንዱ ቦርሳ ከመነሻው ላይ ይመዘን።

2. በሁለተኛው ሳምንት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው ዳገት ወጥተን፣ ጫፉን ይዘን ወደ እንጦጦ ማርያም እንሻገር፤ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ እንመለስ። ጅብ ያለበት ተራራ ስለሆነ ሳይመሽ እንውረድ፤ ማንም ብቻውን አይቅር።

3. የአካባቢው ሰው ወይም ጥበቃ መንገዱን ካልፈቀደ እንመለስ፤ መመለስ እንደ ሽንፈት አይቆጠር።

4. ስለ ሩቁ ጉዞ የምንወስነው ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ነው፤ ድምፅ የሚሰጡትም የሄዱት ሁሉ ይሁኑ፤ መጀመሪያ የሚናገረው ግን ከሁሉ ይልቅ የደከመው ነው።

አንድ ቡድን ሩቅ ደረሰ የሚባለው ከተነሡት አንድም ሰው ሳይጎድልበት ሲመለስ ነው። ለዚህ ዝግጁ የሆነ ስሙን ዛሬ ያጽና።