ነቀርሳ መድኃኒትን ሲለምድ
(በተማሪዎች የንግግር ምሽት የቀረበ)



ዛሬ የምናገረው ስለ ፕሮስቴት ዕጢ ነቀርሳ ነው። ይህን በሽታ በአደባባይ ማንሣት ነውር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን አባቶቻችንን የሚያገኝ ደዌ ስለ ሆነ፣ እኛ ልጆቻቸው ልንነጋገርበት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1941 ቻርልስ ሃጊንስና ክላረንስ ሆጅስ የተባሉ ሊቃውንት ይህ ነቀርሳ በወንድ ሆርሞን ኃይል እንደሚያድግ፣ ሆርሞኑ ሲቀነስም እንደሚመነምን አስረዱ። ሃጊንስም በ1966 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ወደ ሌላ አካል የተዛመተው በሽታ እስከ ዛሬ በዋናነት የሚታከመው በዚሁ መንገድ ነው። ዳሩ ግን ውሎ አድሮ ነቀርሳው መድኃኒቱን ይለምዳል። ይኸውም ሆርሞኑን ራሱ እየሠራ፣ ወይም የሆርሞኑን ተቀባይ እያበዛ፣ ወይም ተቀባዩ ያለ ሆርሞን እንዲሠራ እየለወጠ ነው። በ2011 አቢራተሮን፣ በ2012 ኤንዛሉታማይድ በአሜሪካ ተፈቀዱ፤ ዕድሜም ጨመሩ፤ እነርሱም ግን ይለመዳሉ።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ነቀርሳው ጓዳ ገቡ፤ ምን ይበላል? አሉ። ጤነኛው የፕሮስቴት ሕዋስ ዚንክ ያከማቻል። ዚንኩ ሲትሬት የተባለው ነገር እንዳይቃጠል ስለሚከለክል፣ ሲትሬቱ ከዘር ፈሳሽ ጋራ ይወጣል። ነቀርሳ የሆነው ሕዋስ ግን ዚንኩን ያጣል፤ ሲትሬቱንም ለኃይልና ለስብ መሥሪያ ያውለዋል። ኦቶ ዋርቡርግ ነቀርሳ ስኳር አብዝቶ እንደሚፈጅ በ1920ዎቹ አስተምሮ ነበር፤ ይህኛው ግን በጅማሬው ይልቁን ስብን ይወዳል። ስብ የሚሠራውን ኤንዛይም በላቦራቶሪ ሲያግዱት፣ ያ የተለወጠው ተቀባይ ጭምር ቀንሷል። የምግቡና የመድኃኒት መልመዱ ነገር እንግዲህ የተያያዘ ነው።

ይሁን እንጂ ላቦራቶሪ ሆስፒታል አይደለም። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ2024 የተገለጠው ስታምፒድ የተባለው ትልቅ የብሪታንያ ጥናት ግን በሽታው የተዛመተባቸውን ሰዎች ዕድሜ በሚያረካ ሁኔታ እንዳላራዘመ አሳየ። ምክንያቱን መገመት ይቻላል፤ ጤነኛውም ሕዋስ ይበላል፣ ነቀርሳውም አንዱ ምግብ ሲጠፋበት ወደ ሌላው ይዞራል።

ጓደኞቼ፤ «ስኳር ተው፣ ነቀርሳህ በረኃብ ይሞታል» እያሉ በሽተኛውን ከሐኪሙ የሚለዩ ሰዎች አሉ። የተማረ ሰው ዝም ሊላቸው አይገባም። የምግቡ መንገድ ገና የሚጠና ተስፋ ነው፤ ከተፈተነው መድኃኒት ጋራ ተጣምሮ እንጂ በእርሱ ፈንታ የሚሰጥ አይደለም። ይህን ለይቶ መናገር የእኛ ፈንታ ነው።