«በዓመት ስንት ጊዜ ይሠሩታል?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ነውር አይደለም

የዛሬው ንግግሬ ስለ ጉልበት ቀዶ ሕክምና ነው። እኔ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን በሥራዬ ምክንያት ብዙ ወላጆችን ወደ ሐኪም ስለምሸኝ፣ መጠየቅ የሚገባቸውን ሳይጠይቁ ሲወጡ አያለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት ጥያቄ እንነጋገራለን።

ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ አንዲት እናት ጉልበታቸውን ታመው ደረጃ መውጣት አቃታቸው። የአጥንት ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ «የጉልበቱን ግማሽ ብቻ መቀየር ይቻል ይሆናል» አላቸው። የምታስተረጉምላቸው ልጃቸው ነበረች። እኔም አብሬ ነበርኩና «ሐኪሙ ይህንን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ጠይቂልን» አልኳት። እናቲቱ ደነገጡ። «ተይ ልጄ፣ ያዳነኝን ሰው እንደ ሌባ ልመርምረው?» አሉ። ልጅቷ ግን ጠየቀች። ሐኪሙም አልተቆጣም። «እኔ የምሠራው በአብዛኛው ሙሉ ጉልበት መቀየር ነው፤ ግማሹን በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው» ብሎ በግልጽ ነገራቸው። ከዚያም ግማሹን አዘውትሮ ወደሚሠራ ሌላ ሐኪም ላካቸው። የእኚህን እናት መጨረሻ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። ጉልበታችን ሦስት ክፍሎች አሉት፤ የውስጥ ጎን፣ የውጭ ጎንና ከጉልበቱ ሎሚ በስተኋላ ያለው። አጥንትን ከአጥንት የሚያለያየው ለስላሳ ሽፋን ሦስቱም ላይ ሲያልቅ ሐኪሞች ሙሉውን ይቀይራሉ። ያለቀው በአንድ ጎን ብቻ ሲሆንና ጅማቶቹ ጤነኞች ሲሆኑ ግን ያንኑ ጎን ብቻ በብረትና በፕላስቲክ መተካት ይቻላል። በዕብራይስጥ ሙሉው «ሃሕላፋት ቤሬኽ ሜሌኣ» ሲባል፣ ከፊሉ «ሃሕላፋት ቤሬኽ ሔልቂት» ይባላል።

ከፊሉን መቀየር ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝና በዌልስ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት ከ100 ሺህ የሚበልጡ ሕመምተኞችን አወዳድሮ፣ ከፊሉ የተቀየረላቸው በሆስፒታል የሚቆዩት ለአጭር ጊዜ እንደሆነና ከባድ አደጋም የሚደርስባቸው ጥቂት እንደሆነ አሳይቷል። ነገር ግን ጉዳትም አለው። ከፊሉ የተቀየረላቸው ሰዎች እንደገና ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው፣ ሙሉው ከተቀየረላቸው ይልቅ በብዛት ነው። ታዲያ ይህ ጉዳት በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን ሸክላ የሚሠሩ እናቶችን አስታውሱ። ጀበና ስትሠራ የኖረች ሴት እጅዋ የታወቀ ባለሙያ ናት። ነገር ግን ምጣድ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትሠራ ከሆነ፣ ምጣዱ እሳት ላይ ሲወጣ ሊሰነጠቅባት ይችላል። ሙያ ስለሌላት ሳይሆን እጅዋ ምጣድን ስላላዘወተረ ነው። ከፊል ጉልበት መቀየርም እንደዚሁ ነው። ቦታው ጠባብ ነው፣ ልኩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን መለየት ልምድ ይጠይቃል። ልምዱም የሐኪሙ ብቻ አይደለም። በቀዶ ሕክምናው ክፍል የሚያግዙት፣ በኋላም የሚያስነሷችሁና የሚያስኬዷችሁ የፊዚዮቴራፒ ሠራተኞች ጭምር ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በስዊድን ከ1975 ጀምሮ የተቀየሩ ጉልበቶች ይመዘገባሉ። በዚያ መዝገብ ላይ በ2001 የወጣ ጥናት፣ ከፊሉን አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠሩ ሆስፒታሎች ውጤታቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳየ። በ2013 ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ ከ23 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ቀዶ ሕክምናዎች ተመርምረው፣ ሐኪሙም ሆስፒታሉም ቢያንስ በዓመት 13 ቢሠሩ የተሻለ እንደሆነ አጥኚዎቹ መክረዋል። ሌሎች አጥኚዎችም ሐኪሙ ከሚቀይራቸው 100 ጉልበቶች ቢያንስ 20ዎቹ ከፊል ቢሆኑ ውጤቱ እንደሚያምር ጽፈዋል።

ነገር ግን ሁለት ነገር እንዳትሳሳቱ። አንደኛ፣ የሆስፒታሉ ትልቅነት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በዓመት ብዙ መቶ ሙሉ ጉልበት የሚቀይር ሆስፒታል ከፊሉን እምብዛም ላይሠራ ይችላልና፣ የምትጠይቁት ስለዚያው ስለታሰበላችሁ ቀዶ ሕክምና ይሁን። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ሁሉንም አይወስንም። ጥቂት የሚሠራ ሁሉ ያበላሻል ማለት አይደለም፤ ብዙ የሚሠራም ዋስትና አይሰጥም።

በዚህ አገር መጠየቅ መብታችሁ ነው። በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ስለ ሕክምናችሁ በሚገባችሁ መንገድ እንዲነገራችሁ፣ የሌላ ሐኪም ሁለተኛ አስተያየት እንድታገኙና የሕክምና መዝገባችሁን ግልባጭ እንድትወስዱ ይፈቅድላችኋል። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት ለሕመምተኛው በቋንቋው አገልግሎት እንዲያመቻቹ አዟል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ትንሽ ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አታስተርጉሙበት። ወደ ሌላ ሆስፒታል መሄድ ካስፈለገም፣ ለየትኛው ሆስፒታል ቶፌስ 17 እንደሚሰጣችሁ ከቁፓት ሖሊማችሁ ጸሐፊ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ እነዚህን አራት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፦

1ኛ. ለእኔ የሚሻለው ከፊሉ ነው ወይስ ሙሉው? ለምን?
2ኛ. ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርገው ማን ነው?
3ኛ. ይህንን በዓመት ስንት ጊዜ ይሠሩታል? በዕብራይስጥ «ካማ ኒቱሒም ካኤሌ አታ ዖሴ በሻና?» ይባላል። ሐኪሟ ሴት ከሆነች «አት ዖሳ» በሉ።
4ኛ. ከፊሉ ባይሳካ በኋላ ምን ይደረጋል?

አሁን ወደ እኚያ እናት ልመልሳችሁ። ሁለተኛው ሐኪም መርምሯቸው ያለቀው አንድ ጎን ብቻ እንዳልሆነ አገኘ። «ለእርስዎ የሚሆነው ሙሉው ነው» አላቸው። እሳቸውም ወደ መጀመሪያው ሐኪም ተመልሰው፣ እሱ አዘውትሮ የሚሠራውን ሙሉውን አስቀየሩ። ሆስፒታሉ ያው የቅርቡ ሆነ፤ ሐኪሙም ያው ሰው ሆነ፤ የተለወጠው የሚደረግላቸው ቀዶ ሕክምና ነው። አሁን ደረጃውን ቀስ ብለው ይወጣሉ።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበር። ለብዙ ነገር እውነት ነው። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉትም እነሱው ናቸው። ሐኪምን ማክበርና ሐኪምን መጠየቅ አይጣሉም። በይሉኝታ ዝም ብላችሁ ብትወጡ፣ ጉልበቱን ይዞ ወደ ቤት የሚሄደው ሐኪሙ አይደለም፤ እናንተው ናችሁ።