መውደቅ የተማርንበት ተራራ

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን ከምሳ በኋላ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው "ሰው በልቶ ጠግቧል፤ ቀለል ያለ ነገር ተናገር፣ እንዳታስተኛው" ብሎኛል። ቀለል ያለ ነገር ስፈልግ ያገኘሁት ከዶርም ጓደኞቼ ጋር አሜሪካ ሄደን በረዶ ላይ የወደቅነውን አወዳደቅ ነው። አጀማመሩ ያስቃል። መጨረሻው ላይ ግን ለጉባኤው የማቀርበው አንድ ጉዳይ አለኝና እስከዚያ ታገሡኝ።

በ1990 ዓ.ም. ፍሬሽማን ሆነን ስንገባ ስምንት ልጆች አንድ ዶርም ተመደብን። ከስምንቱ አምስታችን በየካቲት 2016 ዓ.ም. ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ላይ ተገናኘን። አንዱ እዚያው ነዋሪ ነው። አንዱ ከሚኒሶታ መጣ፤ በኢንጂነሪንግ ተመርቆ ዛሬ ነርስ ነው። አንዱ እዚሁ ግቢያችን ያስተምራል፤ ለስብሰባ በሄደበት አጋጣሚ ሦስት ቀን ጨምሮ ተቀላቀለን። አራተኛው እኔ ነኝ። አምስተኛውን ቆይቼ አስተዋውቃችኋለሁ።

ሐሳቡ የዴንቨሩ ጓደኛችን ነው። "ክትፎ ቤት ቁጭ ብለን ስለ ደም ግፊታችን ከምናወራ ተራራ እንውጣ፣ ስኖውቦርድ እንሞክር" አለ። ለማታውቁት፣ ስኖውቦርድ ማለት ሁለት እግርን በአንድ ሳንቃ ላይ አስሮ፣ በጎን ቆሞ፣ ከተራራ በበረዶ ላይ ተንሸራቶ መውረድ ነው። የስኪ ሰዎች ቢያንስ ሁለት ምርኩዝ ይይዛሉ፤ ይሄኛው ምርኩዝም የለውም። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ሚሺጋን ውስጥ ሸርማን ፖፐን የተባለ አባት ለልጁ መጫወቻ ብሎ ሁለት ስኪዎችን አንድ ላይ ሲያጣብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ላይ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። እኛም ከበረዶ ስፖርት ጨርሰን የራቅን አይደለንም፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሎምፒክ ተሳታፊ ሆኗል። እኛ አራታችን ግን በሕይወታችን ያየነው ተንሸራታች ነገር ቢኖር የዝናብ ጊዜ የግቢያችን ጭቃ ነበር።

ዴንቨር ኤርፖርት በር ላይ ቫን ይጠብቀን ነበር። ሾፌሩ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ፣ ሻንጣችንን እየተቀበለ ኋላ ጫነ። ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ወደ ኋላ ሳይዞር በአማርኛ፣ "አልጋ ሁለት፣ ገብቷል? አልጋ ሦስት፣ ገብቷል?" አለ።

አልጋ ሦስት እኔ ነበርኩ። ዶርማችን ውስጥ በየማታው መብራት ሊጠፋ ሲል በአልጋ ቁጥር ስም ጥሪ የሚያደርግ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ቫኑ ውስጥ የነበረውን ጩኸትና ለቅሶ የኤርፖርት ፖሊስ መጥቶ ነው ያበረደው።

ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል። በዶርም ስሙ "አስጠኚው" ልበለው። እኛ ስንቸክል እሱ ይገባው ነበር። ካልኩለስን በራችን ጀርባ ላይ በጠመኔ እየጻፈ ለስምንታችን ብቻ ሳይሆን ለኮሪደሩ በሙሉ ያስረዳ ነበር። የሁለተኛ ዓመት አንደኛ ሴሚስተር ላይ አባቱ ታመሙ። አገር ቤት ሄዶ ሦስት ሳምንት አስታመመ፤ ቀበረ፤ ፈተናው ሲጀመር ተመለሰ። ውጤት ሲለጠፍ አማካዩ ከ2.00 በታች ሆነ። ደንብ ደንብ ነው፤ የማንንም ስም ለማንሳት አልመጣሁም። በየካቲት 1991 ዓ.ም. ከግቢ ወጣ። የዴንቨሩ ጓደኛችን ለቅሶ ቤት አጋጥሞት እስኪያገኘው ድረስ የት እንደገባ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ፈልገነውም አናውቅም።

በነጋታው መንገድ ጀመርን። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ትበልጣታለች። ከዚያ ወደ ምዕራብ እየወጣችሁ ከ3,400 ሜትር በላይ ላይ ተራራውን ሰንጥቆ በሚያልፈው በአይዘንሃወር ዋሻ ትሻገራላችሁ፤ 2.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዋሻው ወዲህ የወረደ ውኃ ወደ አትላንቲክ፣ ከወዲያ የወረደው ወደ ፓስፊክ ይሄዳል። የምንሄድበት ብሬክንሪጅ ከተማው ራሱ 2,900 ሜትር ላይ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ትንሽ ከፍ ይላል። የመጨረሻው ሊፍት ሰው የሚያወርደው ደግሞ 3,900 ሜትር አልፎ ነው። የሚኒሶታው ነርስ ራሱን አሞት ውኃ ሲጠጣ ዋለ። ከአዲስ አበባ የመጣው መምህር ግን ምንም አልመሰለውም፤ "ይሄማ እንጦጦ ነው" እያለ ሲኮራ ነበር። ኩራቱ የቆየው ሳንቃው ላይ እስኪወጣ ድረስ ነው።

አስጠኚው ይህን መንገድ በክረምት በየቀኑ ይመላለስበታል፤ ከኤርፖርት ወደ ስኪ ሪዞርቶች ሰው ያደርሳል። መንገደኞቹን አድርሶ ተመላሽ እስኪያገኝ ብዙ ሰዓት ይቆማል። የሥራ ባልደረባው አሮጌ ሳንቃ ሰጠው፤ በዚያ የመጠበቂያ ሰዓት ተማረ። አሁን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አስተማሪ እንቅጠር ስንል፣ "ለእናንተ አስተማሪ ስትቀጥሩ አይደብራችሁም?" አለን።

የመጀመሪያውን ሰዓት ሙሉ ያስተማረን አወዳደቅ ነው። "ስትወድቁ እጃችሁን ዘርግታችሁ መሬቱን አትደገፉ፤ የጀማሪ የእጅ አንጓ የሚሰበረው ያኔ ነው። ጡጫችሁን ጨብጡና በክንዳችሁ ውደቁ። ወደ ኋላ ከሆነ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ ሰብስባችሁ ቁጭ በሉና ተንከባለሉ። ለመነሳት ደግሞ በሆዳችሁ ተገልበጡ፤ ጉልበት፣ ከዚያ ጣት፣ ከዚያ ቀና።" መምህሩ ጓደኛችን "መሄዱንስ መቼ ነው የምንማረው?" ቢለው፣ "መውደቅ የፈራ ሰው ድርቅ ይላል፤ ድርቅ ያለ ሰው ደግሞ ይወድቃል። መጀመሪያ ፍርሃቱን እናውጣ" አለው። ልክ እንደዚያ የበር ጀርባ ካልኩለስ ነው የሚያስረዳው፤ ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

ከዚያ ስለ ጠርዝ ነገረን። ሳንቃው የጣት ጠርዝና የተረከዝ ጠርዝ አለው። ቁልቁለት ላይ ሁልጊዜ በአንዱ መደገፍ አለባችሁ። ተዝናንታችሁ ሳንቃውን ጠፍጣፋ የለቀቃችሁት እንደሆነ ቁልቁል ያለው ጠርዝ በረዶውን ይነክስና ይፈነግላችኋል። ዓይናችሁን ደግሞ መሄድ የምትፈልጉበት ላይ ጣሉ፤ ዛፍ ዛፉን ካያችሁ ወደ ዛፉ ነው የምትሄዱት። ሁሉም ገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ተዝናናሁ። ሲቀጥል ሰማይ አየሁ።

ስድስት ሰባቴ ከወደቅሁ በኋላ አልነሳም ብዬ ተቀመጥኩ። አምስት ዓመት የማይሞላቸው ሕፃናት እየሳቁ በአጠገቤ ሽው ይላሉ። አስጠኚው መጥቶ ጎኔ ተቀመጠ። ተነስ አላለኝም። ዝም ብለን ተራራውን ስናይ ቆየን። ያኔ ነው ሃያ አምስት ዓመት የያዝኩትን ነገር ያወጣሁት።

ከግቢ የወጣ ለሊት፣ ገና ሳይነጋ፣ ዕቃውን ሲሰበስብ እኔ ነቅቼ ነበር። የሻንጣው ዚፕ ሲዘጋ ሰምቻለሁ። መናኸሪያ ድረስ ልሸኘው ይገባኝ ነበር፤ ቢያንስ ሻንጣውን እስከ ግቢው በር ልይዝለት። ምን እንደምለው ስላላወቅሁ ብርድ ልብሴን ፊቴ ላይ ስቤ የተኛሁ መሰልኩ።

"ያን ለሊት አልተኛሁም ነበር" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። "አንተ ስትተኛ ታንኮራፋለህ። ያን ለሊት አላንኮራፋህም።" ትንሽ ዝም ብሎ፣ "ማንም አልተኛም ነበር። ዶርሙ እንደዚያ ፀጥ ብሎ አያውቅም" አለ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "በል ተገልበጥ። ጉልበት፣ ጣት፣ ቀና" አለኝ። ተነሳሁ። እስከ ታች ሁለት ጊዜ ብቻ ወድቄ ደረስኩ።

ማታ እራት ላይ ስለ ግቢያችን ጠየቀን። የትኛው መምህር ጡረታ ወጣ፣ የትኛው አረፈ፣ ያ የቤተ መጻሕፍቱ የዝናብ ጊዜ የሚያፈሰው ጣሪያ ተሠራ ወይ አለን። እኛ የማናውቀውን ሁሉ ያውቃል። ከየት ሰማህ ስንለው የዴንቨሩ ጓደኛችን ሳቀ፤ ይህ ማኅበር የሚያወጣው የዓመቱ መጽሐፍ ቤቱ ሲደርሰው መጀመሪያ ወስዶ የሚያነበው እሱ ነው አለ። ከኔ የበለጠ አንባቢ አላችሁ ማለት ነው። አባል ግን አይደለም። የመተዳደሪያ ደንባችን "አባል ማለት ተመርቆ የወጣ" ይላላ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። በየባቹ እንደ አስጠኚው ያለ ሰው አለ። በውጤት የወጣ አለ፤ በሕመም የወጣ አለ፤ ወልዳ የቀረች አለች፤ ቤተሰብ ሊያስተዳድር አቋርጦ የሄደ አለ። ብዙዎቻችን ዛሬ የያዝነውን ዲግሪ ስንይዝ ማስታወሻ አውሰውናል፣ አስጠንተውናል፣ ከካፌ ዳቦ ይዘውልን መጥተዋል። እኛ "የባቹ ልጆች" ስንል ግን አናስባቸውም።

ስለዚህ ለሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው ሁለት ነገር አመለክታለሁ። አንደኛ፣ የአባልነት መዝገባችን በተመረቅንበት ዓመት ሳይሆን በገባንበት ዓመት ይደራጅ፤ ገብቶ በማንኛውም ምክንያት ሳይጨርስ የወጣም መመዝገብ ይችል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ባች አንድ ሰው ወክሎ የጠፉበትን ልጆች ስልክ ያፈላልግ። የቀረውን ለቅሶ ቤት አይጨርሰው።

"የዲግሪያችንን ዋጋ ያሳንሳል" የሚል ይኖራል። ዲግሪ ይሰጣቸው አላልኩም፤ እሱ የሴኔቱ ሥልጣን ነው። የተመራቂዎች መዝገብ እንዳለ ይቀመጣል። እኔ የምጠይቀው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወንበር እንዲኖራቸው ነው። መምህሮቻችንም ብትሆኑ ስማቸውን ስትሰሙ "ያ ጎበዝ ልጅ የት ደረሰ?" የምትሉት አንድ ሁለት ሰው አይጠፋችሁም።

ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ለአስጠኚው ደውዬ "ና፣ አብረን እንሂድ፤ ትኬቱን አራታችን እንችላለን" ብዬው ነበር። ሳቀና፣ "ባጁ ላይ ስም ከጻፉ በኋላ ከሥሩ የተመረቃችሁበትን ዓመት ይጽፋሉ አይደል? የኔ ላይ ምን ሊጽፉ ነው?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁን ደረታችሁ ላይ ያለውን ባጅ እዩት፤ የኔው "1994" ይላል። የሚቀጥለው ዓመት ባጅ "1990 ገቢ" ቢል የሱም የኔም አንድ ዓይነት ይሆናል። ኮሚቴው በዚህ ላይ ተወያይቶ ውሳኔውን ለጠቅላላ ጉባኤው ያቅርብ። እኔም መልሱን ለአስጠኚው ደውዬ እነግረዋለሁ።