ከመጋረጃው በስተጀርባ የቆመ የሕግ ሰው

(በድሬዳዋ፣ መጋላ፣ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



መጋላና ከዚራን በደቻቱ ግራና ቀኝ ያሰፈረችው ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ይህች ከተማ ባልተቆረቆረች ነበር። ይሁን እንጂ ጠላት ከተባረረ በኋላ፣ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት መሠረት ይኸው ሐዲድ በእንግሊዝ ጦር እጅ ቆየ፤ ኦጋዴንም እንዲሁ። ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዝን መንግሥት ሳያማክሩ ሌላ የውጭ አገር አማካሪ መሾም እንኳ አይችሉም ነበር። ነፃነቱ ተመልሷል፤ ሥልጣኑ ግን በውል ታስሯል።

ያን ውል በውል ለመፍታት ከደከሙት አንዱ አሜሪካዊው የሕግ ሊቅ ጆን ስፔንሰር ናቸው። በወረራው ዘመን፣ በ1928 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያን መንግሥት በሕግ አማካሪነት አገለገሉ፤ ከነፃነት በኋላም ተመልሰው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አማካሪ ሆኑ። ሕግን በፓሪስ ከተማሩት ከአክሊሉ ሀብተ ወልድ ጋርም ለብዙ ዓመታት ሠሩ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት እንግሊዝ ሐዲዱን እንድትለቅ መንገድ ከፈተ። ኦጋዴን ለጊዜው በእንግሊዝ አስተዳደር ቢቆይም የኢትዮጵያ የበላይ ባለቤትነት እንደማይነካ በውሉ ተጻፈ። ይህች አጭር ሐረግ ከአንድ ክፍለ ጦር ያላነሰ ዘብ ሆነች። ኦጋዴን በ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሐውድም በኅዳር 1947 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሱ።

ሆኖም የጸጥታ ምክር ሁሉ እንዲህ ያለ ዕዳ አልባ ፍሬ አላፈራም። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተደረጉት ስምምነቶች ለሠራዊቱ የጦር መሣሪያና ሥልጠና ሲያስገኙ፣ የአስመራውን የቃኘው ሠፈር ደግሞ ለ25 ዓመት ለአሜሪካ ሰጡ። በተባበሩት መንግሥታት መድረክ በብዙ ድካም የተገኘው የኤርትራ ፌዴሬሽንም በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የሠላሳ ዓመቱም ጦርነት ተባባሰ። ዘብ የምትሆነው ሐረግ የጻፏት ራሳቸው ሲያከብሯት ብቻ ነው።

አማካሪ ይጽፋል፤ ሚኒስትር ይፈርማል፤ ሕዝብ ይሸከማል። ስፔንሰር ወደ አገራቸው ተመልሰው አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የኢትዮጵያ ዘመናቸውን የሚተርክ መጽሐፍ አሳተሙ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ለአገሩ የውል አንቀጽ ሲከራከር የኖረ የሕግ ሰው ለራሱ አንድ የችሎት ቀን እንኳ አላገኘም።

በጓዳ የሚሰጥ ምክር አገርን ሊጠብቅ ይችላል። ምክሩን የሚመረምር ሸንጎና ሹሙን የሚዳኝ ፍርድ ቤት በሌሉበት ግን ጠባቂውን ራሱን የሚጠብቅ የለም። ከዚህ ሙያ ለተሰለፈ ሁሉ የተረፈው አደራ ይኸው ነው።